ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፦ ያገለገሉ የግንባታ ዕቃዎች ገበያ በደንበኛ ዓይን

በእናቴ ግቢ ጓሮ የነበረው የጭቃ ማድ ቤት ባለፈው ክረምት ወደ ጎረቤት አጥር ስለዘመመ፣ እሱን አፍርሰን በቦታው ሁለት ክፍል ሰርቪስ ለመሥራት ወሰንን። ሁሉም ዕቃ አዲስ ይሁን ብለን ያስጠናነው ዋጋ ከያዝነው ገንዘብ እጅግ በመብለጡ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ብሎኬትና ፌሮ አዲስ፣ በርና መስኮት፣ የጣሪያ እንጨት፣ ቆርቆሮና የመስኮት ብረት ደግሞ ያገለገለ እንዲሆን ተስማማን። ይህ ግምገማ ዕቃውን ስናሰባስብ በቆየንባቸው ሦስት ወራት በደንበኝነት ስለተመላለስኩባቸው ሁለት ገበያዎች ነው፤ አንደኛው ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ዕቃ የሚሸጥባቸው የአዲስ አበባ ቅጥር ግቢዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የመርካቶው ምን አለሽ ተራ ነው። ነጋዴዎቹን በስም አልጠራም፤ አንዱን እያመሰገንኩ ሌላውን ስለምወቅስ፣ ሁሉም ሳይጠሩ ቢቀሩ ይሻላል ብዬ ነው።

አስተያየቴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፣ በር፣ መስኮት፣ የጥድ እንጨትና የመሠረት ድንጋይ ከእነዚህ ገበያዎች ለመግዛት ማመንታት አያስፈልግም፤ ዕቃው ብዙ ጊዜ ዛሬ አዲስ ተብሎ ከሚሸጠው ይበልጣል። ቆርቆሮ መግዛት ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። ለምሰሶና ለወራጅ የሚሆን ፌሮ ግን በምንም ዋጋ ቢቀርብ ከዚህ መግዛት አይገባም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በሌሎች የከተማዋ ክፍሎች በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት በርካታ ነባር ቤቶች ስለፈረሱ፣ በየግቢው የተከመረው ዕቃ ዓይን ይሞላል። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነጋዴው የሚፈርሰውን ቤት ዞሮ አይቶ፣ ጣሪያውን፣ በሩንና ወለሉን በዓይኑ ገምቶ በጅምላ ይገዛና አፍራሾቹን ያሰማራል። ቆርቆሮው ቀድሞ ይነሣል፣ ኮርኒሱና የጣሪያው እንጨት ይከተላሉ፣ በርና መስኮቱ ከነመቃኑ ይነቀላል፣ ግድግዳው መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ይህ ቅደም ተከተል ሲጠበቅ ቤቱ ዕቃ ሆኖ ይወጣል፤ ቦታው በአስቸኳይ ይለቀቅ ተብሎ እስካቫተር ሲገባበት ግን ያው ጥድና ያው መስኮት ከአፈርና ከብሎኬት ስብርባሪ ጋር ተደባልቆ ገልባጭ መኪና የሚጠብቅ ቆሻሻ ይሆናል። ዲጂኖ ይዞ ከአንድ ግድግዳ ሥር ያረፈ አፍራሽ ነገሩን ከእኔ በተሻለ ገልጾታል፦ «እህቴ፣ ቤት ማፍረስ በግ እንደ መግፈፍ ነው፤ ቆዳውን ከቀደድሽው ማን ይገዛሻል?»

እኔም በኋላ ዕቃ ስመርጥ ከሁሉ በፊት የማየው ይህንኑ ሆነ። መቃኑ በዲጂኖ ተሰንጥቋል ወይስ ምስማሩ በጉጠት ተነቅሏል? ማጠፊያው ተገንጥሎ ነው የወጣው ወይስ ቡሎኑ ተፈትቶ? በጥንቃቄ ያፈረሰ ሰው ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ የትኛው እንደሆነ ከሁለትና ሦስት ጉብኝት በኋላ በቀላሉ ይለያል።

ብዙ የገዛሁበት ግቢ በምዕራባዊው የከተማዋ ክፍል ከዋና መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ አጥሩ ራሱ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ ሰፊ ቦታ ነው። በሮቹ እንደ መጻሕፍት በጎናቸው ተደርድረው ስለሚቆሙ አንዱን ለማየት አሥሩን መግፋት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ባለቤቱ የእንጨቱን ከብረቱ፣ ባለመስታወቱን ከድፍኑ ለይቶ ያስቀምጣል፣ ዝናብ እንዳይነካቸውም ሸራ ያለብሳቸዋል። ሌሎቹ ግቢዎች ዕቃቸውን ሜዳ ላይ ስለሚተዉ፣ ስልሳ ዓመት ጣሪያ ሥር የኖረ እንጨት በአንድ ክረምት ተጣሞ ይገኛል። ለዚህች ሸራ ብቻ ስል ከሌላው ቦታ ጥቂት ጨምሬ ከፍዬ ከዚህ ሰው ገዝቻለሁ።

ይሁንና እሱም ቢሆን ከነጋዴ አፍ አያመልጥም። በግቢው ውስጥ ያለ በር ሁሉ «የጣልያን ጊዜ» ነው። ጣልያን በዚህ ከተማ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ያህል ስለሆነ፣ በየግቢው የጣልያን የሚባለው በር ሁሉ በእርግጥ የእነሱ ከሆነ ጣልያኖቹ ከጦርነቱ ይልቅ በአናጢነት ተጠምደው ነበር ማለት ነው። የሚፈለገው የበሩ የትውልድ ዘመን ሳይሆን የእንጨቱ ዓይነትና ጤና መሆኑን ያስተማረኝ አብሮኝ የሄደው ሽማግሌ አናጢ ነው። እሱ በር ሲመርጥ መጀመሪያ የታችኛውን ጠርዝ ያያል፤ ውኃ የሚጠጣው፣ ነቀዝም የሚጀምረው በዚያ በኩል ነውና። ከዚያ በኪሱ በያዛት ትንሽ ቢላዋ ጫፍ እግሩን ወጋ ያደርጋል፤ ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ «ይኼ ተበልቷል ልጄ» ብሎ ያልፈዋል። በመጨረሻ ቀለሙን በጥፍር በምታህል ቦታ ፋቅ አድርጎ ያሸታል። ጥድ ስንት ዓመት ቆይቶም ሲፋቅ ሽታው ይወጣል፤ በሦስተኛው በር ላይ እኔንም አሸተተኝና ከዚያ በኋላ መሳሳት አልቻልኩም።

ይህ ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው። የሐበሻ ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው በመሬት አጠገብ ለሚቆም መቃንና ምሰሶ ይመረጣል፤ ዝግባ ውብና ለመላጊያ የሚመች ቢሆንም ምስጥና ነቀዝ ስለሚያጠቁት ከመሬት ራቅ ላለ ቦታ፣ ለመስኮትና ለኮርኒስ ይሻላል። ነጋዴዎቹ ሁለቱንም በአንድ ዋጋ የሚሸጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ይጠቀማል፤ የማያውቅ ሰው ዝግባውን ለበር መቃን ተክሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዱቄት ያነሣል። ዛሬ በአዲስ የሚሸጠው የጣሪያ እንጨት በአብዛኛው ሳይደርቅ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ እየደረቀ ስለሚጣመም ቆርቆሮውን ይዞ ይነሣል። ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ግን መጣመሙንም መሰንጠቁንም የጨረሰው በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ነው።

በድምሩ ሁለት የጥድ በር ከነመቃናቸው፣ ሦስት የእንጨት መስኮትና ለጣሪያው የሚበቃ እንጨት ገዛን። ዋጋቸው አዲስ ብንገዛ ከምናወጣው ከግማሽ በታች ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ከእንጨቱ ላይ ምስማር ለመንቀል አንድ ወጣት ሦስት ቀን ሠርቷል፤ ሁለቱ በሮች ሲፋቁ፣ ሲላጉና እንደገና ሲገጠሙ ከአናጢው ጊዜ አራት ቀን ወስደዋል። ምስማር ሳይነቀል የተላገ አንድ እንጨት የአናጢውን መላጊያ ምላጭ ስላበላሸው፣ ያንንም እኔ ነኝ የከፈልኩት። የእጅ ዋጋው ሲደመር ቁጠባው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ይህን ሳያሰሉ «ርካሽ ነው» ብለው የሚገቡ ሰዎች መሃል ላይ ሲማረሩ አይቻለሁ።

ስለ አሮጌው ቀለም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ አቧራው ወደ ሳንባም ወደ ምግብም ይገባል። እኛ ውኃ እያርከፈከፍን፣ ከታች ላስቲክ አንጥፈን፣ የእህቴን ልጆች ከግቢው አርቀን ፍቀነዋል። ከጎበኘኋቸው ነጋዴዎች መካከል ይህን ለደንበኛው የሚናገር አንድም አላገኘሁም፤ የግቢው ባለቤት ራሱ በዚያ አቧራ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምሳውን ሲበላ አግኝቼዋለሁ።

ያገለገለ መስኮት የሚገዛ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላ ነገር የግንባታው ቅደም ተከተል እንደሚለወጥ ነው። መስኮት አዲስ ሲሠራ በግድግዳው ክፍት ልክ ይሠራል፤ ያገለገለው ሲሆን ግን ክፍቱ ነው በመስኮቱ ልክ የሚወጣው። ስለዚህ መስኮቱ ግንበኛው የመጀመሪያውን ብሎኬት ከማስቀመጡ በፊት ግቢ ውስጥ መገኘት አለበት። እኛ ይህን በግማሹ ብቻ ስለተረዳን፣ ሁለቱን መስኮቶች ለክተን ሦስተኛውን «ያው እኩል ነው» ብለን አለፍነው። ሲገጠም በሰባት ሳንቲ ሜትር አጥሮ ተገኘ፤ ብሎኬቱ በቁመቱ ሃያ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በሰባቱ ቦታ ብሎኬት መጨመር አይቻልም፣ በአርማታ መሙላት ግድ ሆነ። ግንበኛችን ውኃ ልኩን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም፤ ባይልም ገባኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቆርቆሮውን የገዛሁት ከሌላ ግቢ፣ «ከትልቅ ቪላ የወረደ ነው» ከተባለ ክምር ነው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እየወፈረ ስለሚሄድ፣ የድሮው ወፍራም ቆርቆሮ በገበያ ላይ ከሚበዛው አዲስ ስስ ቆርቆሮ ይሻላል የሚለው አባባል እውነትነት አለው። ክምሩ ላይ ያሉትን አምስት ስድስት ቅጠሎች አንሥቼ ወደ ፀሐይ ዘርግቼ አየሁ፤ ንጹሕ ነበሩ። ሻጩም ተባባሪ ነበር፣ ራሱ እያነሣ አሳየኝ፤ አይሱዙው ላይ ሲጫን ቡና አጠጣኝ። የሰኔው የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግን ጣሪያው በዘጠኝ ቦታ አፈሰሰ። አናጢው ወጥቶ ሲያይ፣ ከክምሩ መሃል የመጡት ቅጠሎች የድሮ የምስማር ቀዳዳቸው በማስቲሽ ተደፍኖ ከላዩ የቆርቆሮ መልክ ያለው ቀለም ተቀብቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የሚያማምሩ ቅጠሎች ለዓይን የተቀመጡ ነበሩ ማለት ነው። ተመልሼ ስሄድ ሰውየው አልካደም፤ «እህቴ፣ አሮጌ ብዬ ነው የሸጥኩልሽ» አለኝ። ደረሰኝ ስላልሰጠኝ፣ እኔም ስላልጠየቅኩ፣ ክርክሩ በዚያው አለቀ።

በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የሁለታችን ነው እላለሁ። የቆርቆሮ ቀዳዳ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያገለገለ ቆርቆሮ ሁሉ በምስማር የተበሳ ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ የተበሳበት ሞገድ ከጎረቤቱ ቅጠል ሥር እንዲገባ መደራረብ፣ ወይም ቀዳዳው ባለበት ቦታ ላይ አዲሱን ምስማር ከነጎማው መምታት። ይህን ለማድረግ ግን ቀዳዳውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የተሸፈነ ቀዳዳ የሚያስጠላውም ለዚህ ነው። ዛሬ ብገዛ እያንዳንዱን ቅጠል አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ሳልዘረጋ አልከፍልም፤ ሻጩ «ሁሉንማ እንዴት ታያለሽ» ካለኝ ቡናውን አመስግኜ እሄዳለሁ።

ምን አለሽ ተራ ከእነዚህ ግቢዎች የተለየ ዓለም ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ከእናቶች የሚገዛው የተቀደደ ድስት፣ የተሰበረ አልጋ፣ የዛገ ምድጃና ባዶ ቆርቆሮ ተሰብስቦ ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ጩኸቱ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው እንደ አጠረ፣ የገበያውም ስም የቤት እመቤቷን «ምን አለሽ?» ብሎ ከመጠየቅ እንደመጣ ይነገራል። እዚያ በርሜል ተቀዶ የከሰል ማንደጃ ይሆናል፣ የመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ መጥረቢያና መሮ ይወጣዋል፣ ከጎማ በረባሶ ይቆረጣል። በዚህ ከተማ ስለ ቆሻሻ መልሶ መጠቀም ስብሰባ መደረግ ከመጀመሩ በፊት ሥራው እዚህ በመዶሻ ሲሠራ ኖሯል።

የሄድኩት የመስኮት ፍርግርግ ለማሠራት ነው። ከፈረሰ አጥር የወጣ ብረት በኪሎ ገዛሁ፤ ሚዛኑን ያመነው አብሮኝ የነበረው በያጅ ስለሆነ እኔም አመንኩ። ከዚያ ሁለት እርምጃ እልፍ ብሎ፣ ግማሽ በርሜል እንደ ወንበር ገልብጦ የተቀመጠ አንድ ቀጥቃጭ ብረቱን በብረት ድጋፍ ላይ እያገላበጠ አቃናው። በዓይኑ እየለካ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ብረቱ ጫፍ እያየ፣ በየመዶሻው ምት መካከል ከጎረቤቱ ጋር ስለ ኳስ ይከራከር ነበር። አሥራ ስምንት ብረት በአርባ ደቂቃ ገደማ አቃንቶ ሲጨርስ ሁሉንም መሬት ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ በእግሩ አንከባለላቸው፤ የማይንከባለለውን አንዱን አንሥቶ ሁለት ጊዜ መታውና መለሰው። ጥራት ቁጥጥሩ ይኸው ነበር፤ ቤት ወስጄ በሜትርና በውኃ ልክ ብፈትሸውም አላሳፈረውም።

ፍርግርጎቹ ተበይደው፣ ዝገታቸው በሽቦ ቡሩሽ ተጠርጎ አንቲረስት ተቀብተው ተገጠሙ። በብረቱ ውፍረት ዛሬ ከሱቅ በሚሸጠው ዝግጁ ፍርግርግ ላይ የበላይነት አላቸው፤ የተሠሩት ከድፍን ብረት እንጂ ከስስ ቱቦ አይደለምና። ለሥራው ሙሉ ምስጋና እየሰጠሁ፣ ያሳዘነኝን ግን አልደብቅም። በያጆቹ ብዙዎቹ መነጽር አያደርጉም፣ ካደረጉም ተራ የፀሐይ መነጽር ነው፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ የብየዳው ብልጭታ የደንበኛውንም ዓይን ይነካል። ልጅ ይዞ መሄድ አይገባም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት የሄደ ሰው ረጋ ባለ መንፈስ ይገዛል፤ ከረፋዱ በኋላ ጫኝና አውራጁ፣ ጋሪውና ደላላው ተደምሮ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ጩኸት ይሆናል። ዋጋ ሲጠራ በግማሽ መጀመርን ነውር የሚያደርገው የለም፤ ነገር ግን ቀጥቃጩ በእጁ ዋጋ ላይ ከተከራከሩት ይቀየማል። በብረቱ ተከራከሩ፣ በእጁ ላይ ተዉት።

የመግዛት ኃላፊነትም አለ። የማንሆል ክዳን፣ የድልድይ ድጋፍ ብረት ወይም የመብራት ገመድ የሚመስል ነገር «አለ» ከተባልኩ አልጠጋም፤ ያ ከፈረሰ ቤት አልወጣም። ነጋዴው ዕቃው ከየት ቤት እንደወጣ፣ ከማን እንደገዛው የሚያሳይ አንድ ወረቀት ቢይዝ፣ እሱም ከጥርጣሬ ይድናል፣ ደንበኛውም አዳሩን በሰላም ያድራል። ከጎበኘኋቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት የነበረው ባለሸራው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያሳየኝ ስጠይቀው ነው።

ስለ ፌሮ ረዘም አላደርገውም። ከፈረሰ አርማታ ውስጥ የወጣ፣ ተጣሞ የነበረ ፌሮ በመዶሻ ተቃንቶ ሲሸጥ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ብረት ግን ተጣጥፎ ሲቃና በታጠፈበት ቦታ ጥንካሬው ይጎዳል፣ ያም በዓይን አይታይም። ሰው የሚያድርበትን ጣሪያ በዚያ ላይ ማሳረፍ ቁጠባ አይባልም። የፌሮ ቁርጥራጭ ትክክለኛ መንገድ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ነው፤ ቀልጦ እንደገና ሲወጣ አዲስ ብረት ነው። እኛ ከአሮጌው የተጠቀምንበት የዶሮ ቤቱን ወንፊት ለመወጠር ብቻ ነው።

በመጨረሻ የቀረው የራሳችን ፍርስራሽ ነበር፤ ያገለገሉ ዕቃዎች ነጋዴዎች አገልግሎት የሚያበቃው፣ የከተማው አገልግሎትም በደንብ የማይጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከየቤቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡት የጽዳት ማኅበራት የማድ ቤት ቆሻሻ ይወስዳሉ፤ ዲንጋይና የጭቃ ግድግዳ ግን አይጭኑም፣ መጫንም የለባቸውም። ገልባጭ የሚያከራይ ሰው ጠየቅን፤ የት እንደሚደፋው ስንጠይቀው «እሱን ለእኛ ተዉት» አለን። ይህ መልስ ብዙውን ጊዜ ማለት የፈለገው ወንዝ ዳር ነው፤ ስለዚህ ተውነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የግንባታና የማፍረስ ተረፈ ምርትን ለይቶ ያነሣል፤ ይሁንና እንደ እኛ ሁለት ክፍል ለሚሠራ ሰው ፍርስራሹን በሕጋዊ መንገድ የሚረከበው ቅርብ ቦታ በሰፈራችን የለም።

ረጲም ቢሆን መልስ አይሆንም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ የተሸከመው ያ ክምር፣ ቆሼ የምንለው፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በሥሩና በአጠገቡ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ የተመረቀው የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ፣ አርማታና አፈር አይቃጠሉም። ወደዚያ የሚሄድ ፍርስራሽ ቦታ ከመያዝ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ስለዚህ ፍርስራሹን እዚያው ግቢ ውስጥ ለመጨረስ ሞከርን፤ እንደ አጋጣሚ ሆኖ ከጠቅላላው ሥራ በጣም የረካሁበት ይህ ክፍል ሆነ። የአሮጌው ማድ ቤት መሠረት ጥቁር ድንጋይ በጭቃ የተያያዘ ስለነበረ በመዶሻ አንድ ሁለቴ ሲመታ ድንጋዩ ንጹሕ ሆኖ ይለቃል፤ በሲሚንቶ ቢያያዝ ኖሮ ግማሹ ይሰበር ነበር። ከወለሉ በታች የሚነጠፈውን 25 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ አብዛኛውን በዚህ ድንጋይ ሞላነው። የብሎኬት ስብርባሪው በራሱ ሲረገጥ ስለሚደቅ ለድንጋዩ ክፍተት መሙያ ብቻ አዋልነው፤ ግንበኛው ሊያበዛው ሲል አናጢው ከለከለው፣ እኔም ከአናጢው ጎን ቆምኩ። የግድግዳው ጭቃ ከውስጡ ያለው ጭድ ገና ስላልበሰበሰ፣ ውኃ ጠጥቶ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት እንደገና ቦካ። ሁለት ሳምንት ጎረቤት በሽታው ቢያማርርም፣ የዶሮ ቤቱ ግድግዳና የእናቴ የእንጀራ ምድጃ ከዚያ ተሠርተዋል፤ ምድጃው እስካሁን አልተሰነጠቀም። ከአሮጌው ቤት ወጥቶ በመኪና የተጫነ ነገር ቢኖር የበሰበሰው አጠናና ጥቀርሻ የጠጣው ማገር ነው፤ እሱንም አጠገባችን ያለች ጠላ ጠማቂ ለማገዶ ወሰደችው።

ይህን ገበያ ለማን እመክራለሁ? ጊዜ ላለው፣ የሚያምነው አናጢ ላለው፣ ዕቃውን ከግንባታው ቀድሞ ገዝቶ የሚያስቀምጥበት ደረቅ ቦታ ላለው ሰው ሳላመነታ እመክራለሁ። በሦስት ሳምንት ቤት ጨርሶ ለተከራይ ማስረከብ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ በብስጭት ይሞታል። ከነጋዴዎቹ የምጠብቀው ደግሞ ብዙ አይደለም፦ እንጨቱን በዓይነት መለየት፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳ አለመሸፈን፣ ልኩን በኖራ በዕቃው ላይ መጻፍና፣ አጭርም ቢሆን ደረሰኝ መስጠት። ለባለሸራው ግቢ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን ያጎደልኩበት ስለ ቀለሙ ዝም በማለቱ ነው። ለምን አለሽ ተራ የእጅ ሥራ አምስት፣ ለመተላለፊያው ሁለት። ለቆርቆሮ ሻጩ ቡናው ጥሩ ነበር።

ከገዛናቸው በሮች በአንዱ ላይ፣ ቀለሙ ሲፋቅ ያልለቀቀች የድሮ የቀበሌ የቤት ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ አለች። የማን ቤት እንደነበረ አላውቅም፤ እናቴ «የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ይሳሳትብናል» ብላ እንድትነቀል ብታዝም፣ አናጢው አራቱም ምስማሮች ጥድ ውስጥ ዝገው ስለተጣበቁ እንጨቱን ሳልጎዳ አላወጣትም ብሎ እዚያው ትቷታል። ትናንት ባለሸራው ሰው ደውሎ፣ ለአጠረችው መስኮት እኩያ የምትሆን አንዲት ዝግባ መስኮት ከአንድ ቤት እንደወጣች ነግሮኛል። ቅዳሜ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ።